ቅባትና የጠጉር ቀለም የሚሸጥ ነጋዴ ሊያውቀው ስለሚገባ የቆዳ ምርመራ

የጠጉር ቀለም፥ የፊት ቅባትና ሽቶ የሚሸጥ ነጋዴ፥ ደንበኛው አንድ ቀን ፊቱ አብጦና ቆዳው ቀልቶ ሊመለስበት ይችላል። በዚያን ጊዜ «ዕቃው የተበላሸ ነው» ብሎ መደምደምም ሆነ «ከእኔ ዕቃ የመጣ አይደለም» ብሎ መካድ ስሕተት ነው። ያው ቅባት ለብዙ ሰው ተስማምቶ ለአንዱ የማይስማማበት ምክንያት አለና፤ ይህም አለርጂ ይባላል።

አለርጂ ማለት ሰውነት ሌላውን ሰው የማይጎዳውን ነገር እንደ ጠላት ቈጥሮ ሲከላከለው የሚነሣ ሕመም ነው። በቁንጅና ዕቃ የሚመጣው የቆዳ አለርጂ ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይታይም፤ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቈይቶ ይነሣል። ለብዙ ዓመት ያለ ጉዳት በተጠቀሙበት ዕቃም ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ «ሁልጊዜ የምቀባው ነው» ማለት ማስረጃ አይሆንም።

የሕመሙን ምክንያት ለመለየት የሚደረገውን ምርመራ፥ ዮዜፍ ያዳሶን የተባለው ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም በ1895 (እ.ኤ.አ.) አስታወቀ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ የተጠረጠሩት ነገሮች በተወሰነ መጠን ተለውሰው ጥቂት በጥቂት በበሽተኛው ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ። ውሃ ሳይነካቸው 48 ሰዓት ከቈዩ በኋላ ተነሥተው ቦታው ይታያል፤ አለርጂው የሚዘገይ ስለ ሆነም ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እንደ ገና ይመረመራል። ቀልቶ ያበጠና የሚያሳክክ ቦታ የተገኘ እንደ ሆነ፥ በዚያ የተለጠፈው ነገር ይጠረጠራል።

በዚህ ሥራ መጠን ዋና ነገር ነው። በጥቁር የጠጉር ቀለም ውስጥ የሚገባው ፓራፌኒሊንዲያሚን የተባለው ቅመም ለምርመራ ሲለጠፍ ከ100 እጅ 1 እጅ ብቻ በቫዝሊን ይለወሳል። ሻምፖና ሳሙና ሳይቀጥኑ ቢለጠፉ ግን አለርጂ የሌለበትን ቆዳ እንኳ ሊያቈስሉ ይችላሉ። ስለዚህ ምርመራው የሐኪም ሥራ ነው። የነጋዴው ድርሻ የሚከተለው ነው።

1ኛ/ በዕቃው ላይ የተጻፈውን የቅመም ዝርዝርና የምርት ቍጥር አለመፋቅ፤ ስም በሌለው ብልቃጥ ቀንሶም አለመሸጥ። ሐኪሙ የሚመራው በዝርዝሩ ነውና።

2ኛ/ የጠጉር ቀለም የሚገዛ ሰው፥ መመሪያው እንደሚያዘው፥ ከመቀባቱ 48 ሰዓት አስቀድሞ በጥቂቱ እንዲሞክር ማሳሰብ፤ ሙከራው ግን ፍጹም ዋስትና እንዳይደለ መንገር።

3ኛ/ «ጥቁር ሂና» ከመግዛት በፊት ቅመሙን መጠየቅ፤ ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ቅመም ብዙ ጊዜ ይጨመርበታልና።

4ኛ/ ሕመም የተሰማው ደንበኛ ዕቃውን መጠቀም አቁሞ ከነመያዣው ወደ ሐኪም ይዞት እንዲሄድ መምከር፤ ፊቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው እንደ ሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መላክ።

ይህን የሚፈጽም ነጋዴ ደንበኛውን ከሕመም፥ ራሱንም ከክስና ከስም መጥፋት ያድናል።