ቃለ ጉባኤው ይነበብልን፦ ለቀበሌ ነዋሪዎችና ለምክር ቤት አባላት የቀረበ ማሳሰቢያ

ይህ ማሳሰቢያ በጎንደር ከተማ፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ለሚኖሩ ሁሉ ነው። ከጎንደር እስከ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አየሩም ኑሮውም ይለያያል። የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሲገቡ የሚሰማው ጉዳይ ግን ያው ነው፦ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ መሬት፣ መዋጮ፣ የተረጂዎች ዝርዝር። ሰው ሥራውን ትቶ ይሰበሰባል፣ የሆዱን ይናገራል፣ ይጨበጨባል፣ ይበተናል። በሚቀጥለው ስብሰባ ያው ጥያቄ እንደ አዲስ ይነሣል። ለዚህ ትልቁ ምክንያት የተባለው ነገር በመዝገብ አለመስፈሩ ነው። ላልተጻፈ ጥያቄ ተጠያቂ አይገኝም።

ቀበሌ ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት በሆነበት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ የተጀመረ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ቀበሌው ከነመዝገቡና ከነማኅተሙ ዘልቋል። የአሁኑ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4፣ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ሕዝቡም በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይደነግጋል። ስለዚህ ወደ ስብሰባ የሚሄድ ነዋሪ ለልመና እንደሚሄድ አይቁጠረው።

አጀንዳውን ቀድመው ይጠይቁ

የቀበሌ ስብሰባ አጀንዳ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፦ አንደኛ፣ የሩብ ዓመት ሪፖርት፤ ሁለተኛ፣ ከበላይ የወረደ አቅጣጫ፤ ሦስተኛ፣ የግብርና የመዋጮ አሰባሰብ፤ አራተኛ፣ ልዩ ልዩ። የነዋሪው ጉዳይ ሁሉ፣ የደረቀው ቦኖ፣ የጠፋው የመንገድ መብራት፣ የተደፈነው የጎርፍ ቦይ፣ በዚህ «ልዩ ልዩ» በሚባለው ውስጥ ይታጨቃል። ሪፖርቱ ረፋዱን ይጨርሰዋል። «ልዩ ልዩ» ሲደርስ እናቶች ልጆቻቸውን ሊያበሉ ወጥተዋል፣ ገበሬው ከብቶቹን ሊያጠጣ ሄዷል፣ ሰብሳቢውም «ሰዓት ስለሄደ በአጭሩ» ይላል። የቀሩት ጥቂቶች የተናገሩትን የሚጽፍ ሰው አይገኝም፤ ጸሐፊው ደብተሩን አጥፏል።

ስለዚህ ከስብሰባው ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ለአፈ ጉባኤው ወይም ለቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ግማሽ ገጽ ይጻፉ። ጉዳዩ ራሱን የቻለ አጀንዳ ሆኖ፣ ከተቻለም ከሪፖርቱ በፊት እንዲያዝ ይጠይቁ። ቅጂ ያስቀሩ፤ ደብዳቤውን የተቀበለው ሰው በቅጂው ላይ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያኑርበት። መጻፍ የማይችል የዕድሩን ጸሐፊ ይጠይቅ። በእኔ እምነት በየሰፈራችን እውነተኛውን የመዝገብ አያያዝ የሚያውቁት የዕድር ጸሐፊዎች ናቸው፦ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ፣ ድንኳኑ ለማን እንደወጣና መቼ እንደተመለሰ አንድ በአንድ ይጽፋሉ። ያንን ትጋት ወደ ቀበሌው አዳራሽ ማምጣት ነው የጎደለን።

ብቻዎን አይሂዱ። አንድ ሰው ያነሣው ነገር የግል ቅሬታ ተብሎ ይታለፋል፤ አሥር አባወራ ፈርሞበት የመጣ ጉዳይ ግን እንዲያው በቀላሉ አይታለፍም።

ሲናገሩ ቦታ፣ ቀንና ጥያቄ ይጥቀሱ

«ውሃ ጠፍቶ ሕዝቡ ተቸግሯል» ማለት እውነት ነው፣ ግን ማንንም ለሥራ አያስነሣም። «በሰፈራችን ባለው ቦኖ ከጥቅምት መባቻ ወዲህ ውሃ አልወረደም። ፈረቃችን ማክሰኞ ነበር። የዘለለን ማነው? መቼስ ይስተካከላል? ይህን በመዝገብ ያስፍሩልኝ» ያለ ሰው ግን መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም።

የጎንደር የውሃ ችግር ሥሩ ጥልቅ ነው። ከተማዋን ለዓመታት ያጠጣው የአንገረብ ግድብ ከተፋሰሱ ታጥቦ በሚወርድ ደለል ተሞልቶ የመያዝ አቅሙ ወርዷል። ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ደግሞ ብዙ ዓመታት ተጓትቷል። የቀበሌ ምክር ቤት ግድብ ሊገነባ አይችልም፤ ይህን ማወቅ ከማይሆን ተስፋ ያድናል። ሆኖም በእጁ ያለ ብዙ ነገር አለ። የፈረቃ ሠሌዳው በአዳራሹ በርና በየቦኖው እንዲለጠፍ ማስወሰን ይችላል። የቦኖ ገንዘብ የሚሰበስበው ሰው በየወሩ ሒሳብ እንዲያቀርብ ማድረግ ይችላል። ከውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ኃላፊ አስጠርቶ በነዋሪው ፊት ማስጠየቅ ይችላል። ከግድቡ በላይ ባለው ተዳፋት የሚያርሱ ሰዎች እርከን እንዲሠሩ፣ ገደሉን እንዳያርሱ የሚደረገው ውይይትም የሚጀመረው ከቀበሌው ነው። የተሰበረ ቧንቧ ሲያዩ ስብሰባ አይጠብቁ፤ ያኑ ዕለት ያሳውቁ፣ ማን እንደተቀበለዎት ይጻፉ።

ባዶ ወረቀት ላይ አይፈርሙ

ይህ ከሁሉም በላይ እንዲጠበቅ የምለምነው ነው። በስብሰባው መግቢያ ላይ የሚዞረው ወረቀት ራስጌው ላይ ምን እንደተጻፈ ያንብቡ። «የተገኙ ተሳታፊዎች ስም ዝርዝር» የሚል ከሆነ ይፈርሙ። ራስጌው ባዶ ከሆነ «እስኪጻፍበት እጠብቃለሁ» ይበሉ፤ ይህን ማለት ነውር የለበትም። በመገኘት የተፈረመ ወረቀት ኋላ «ነዋሪው ተወያይቶ በሙሉ ድምፅ ተስማማ» ከሚል ውሳኔ ጋር ሊያያዝ እንደሚችል አይርሱ። በጣት አሻራ የሚፈርሙ እናትና አባት ካሉ አጠገባቸው ያለ ወጣት ጽሑፉን ከፍ አድርጎ ያንብብላቸው።

ከመበተንዎ በፊት ቃለ ጉባኤው እንዲነበብ ይጠይቁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሲነበብ ሦስት ነገር ያድምጡ፦ ምን እንደተወሰነ፣ ማን እንደሚፈጽመው፣ እስከ መቼ። «ትኩረት ተሰጥቶ ይሠራል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች በመዝገቡ ላይ ከሰፈሩ እጅዎን ያንሡና ስምና ቀን ይግባበት ይበሉ። ያልተስማሙበት ነገር ካለ የልዩነት ሐሳብዎ ከነስምዎ ይጻፍ። ምክር ቤቱ ድምፅ ሲቆጥርም የደገፈው፣ የተቃወመውና ድምፀ ተዓቅቦ ያደረገው በቁጥር ይስፈር።

መዋጮ

ለኮብልስቶን፣ ለትምህርት ቤት ወንበር፣ ለጥበቃ፣ ለመብራት ትራንስፎርመር የሚዋጣው ገንዘብ ብዙ ሰፈር አልምቷል። ነዋሪው ሳይሰስት ሰጥቷል። ይሁንና ተከታታይ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደረሰኝ ሳይቀበሉ አይክፈሉ፤ ሰብሳቢው ጎረቤትዎ ቢሆንም። ደረሰኝ መጠየቅ እሱንም ከሐሜት ያድነዋል። ሥራው ሲያልቅ የገቢና የወጪው ዝርዝር ይለጠፍ። መዋጮ ያልከፈለ ሰው መታወቂያ እንዳይታደስለት፣ የልደት ምዝገባ እንዳይሠራለት ማድረግ ግን ትክክል አይደለም። ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ምክር ቤቱም ይህን ልማድ ማስቆም አለበት።

ቆሻሻውን ወንዝ አይውሰድልን

የቀሃ ወንዝ በጎንደር መካከል ያልፋል። ለጥምቀት የፋሲል መዋኛ የሚሞላው ከዚሁ ወንዝ በሚጠለፍ ውሃ ነው፤ ጥምቀት ደግሞ በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በከተራ ዳሩን ጠርጎ፣ በማግስቱ ፌስታልና የዳቦ ላስቲክ ወደ ቦዩ መጣል ለዚያ ክብር አይመጥንም። ቀሃና አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ይገባሉ። የእምቦጭ አረም በጣና ላይ በ2003 እና በ2004 ዓ.ም ገደማ በመጀመሪያ የታየው በመገጭ መግቢያ አካባቢ ነው። ከላይ የምንጥለው ከታች ያለውን ዓሣ አስጋሪና የደንቢያን ገበሬ ያገኘዋል። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ገበያ ሲሄዱ ዘንቢል ይያዙ። ቀበሌውም ቆሻሻ የሚያነሡት ማኅበራት በየትኛው ቀን በየትኛው ብሎክ እንደሚያልፉ ይለጥፍ። መኪናው በማያልፍበት ሰፈር ሰውን መውቀስ ብቻውን ለውጥ አያመጣም።

የተረጂዎች ዝርዝር በአደባባይ ይነበብ

በ2016 ዓ.ም ጃናሞራን፣ በየዳንና ጠለምትን የመታው ድርቅ የዝርዝር ጉዳይ ምን ያህል የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደሆነ አሳይቷል። በሴፍቲኔት አሠራር የተመረጡ ሰዎች ስም በጠቅላላ ጉባኤ ተነቦ ነዋሪው አስተያየት እንዲሰጥበት፣ እንዲለጠፍም ታዟል፤ በየቀበሌውም ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አለ። ዝርዝሩ ሳይነበብ ቀርቶ ከሆነ «ይነበብ» ብሎ መጠየቅ ጸብ መፈለግ አይደለም። የተረሳች አሮጊት፣ ያለ ረዳት የቀረ አካል ጉዳተኛ ካለ ስሙን ጮክ ብለው ይጥሩ። ራስዎ የማይገባዎት ሆነው በዝርዝሩ ካሉ ደግሞ ይውጡ፤ ቦታው የሌላ ሰው ምግብ ነው።

ደባርቅ ላይ የተቸገሩ ሰዎች ጉዳይ ሌላም መልክ አለው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረችው የግጭ መንደር ነዋሪዎች፣ ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች፣ በ2008 ዓ.ም ወደ ከተማዋ ተዛውረዋል። ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ ለአደጋ በተጋለጡ ቅርሶች መዝገብ ላይ የነበረው ፓርክ በ2009 ዓ.ም ከዚያ መዝገብ ወጥቷል፤ ለዚህ ዋጋ ከከፈሉት መካከል የግጭ ነዋሪዎች አሉ። ገብስ ሲያመርትና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው ከተማ ገብቶ ኑሮ መጀመሩ ቀላል አይደለም። በጦርነት የተፈናቀሉትም በዚያው ከተማ ተጠልለዋል። የደባርቅ ቀበሌዎች እነዚህን ነዋሪዎች ስብሰባ ሲጠሩ አይዝለሏቸው፤ በኮሚቴም ይምረጧቸው።

ለሰብሳቢዎችና ለምክር ቤት አባላት

በዓርብ የጁምዓ ሰዓት ስብሰባ አይጥሩ፤ በጎንደር የአዲስ ዓለም ሰፈር ሙስሊም ነዋሪ ያን ጊዜ መስጊድ ነው ያለው። ሴቶች ውሃ በሚወርድበት ቀን ቦኖ ላይ ስለሚሰለፉ የፈረቃውን ቀን አይተው ይጥሩ። በገጠር ቀበሌ ገበሬው በሬ ከማይጠምድባቸው በዓላት አንዱ ቢሆን ሰው ይበዛል፤ ቅዳሴው ሳይወጣ ግን አይጀምሩ። ለሴት ተናጋሪ ቀድመው ዕድል ይስጡ፤ ከኋላ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ የምትሰማው እናት የሰፈሩን ውሃ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ሰውን በስብሰባ ላይ በጎራ ፈርጀው አይናገሩ፤ ሌላው ሲናገርም ያስቁሙት። በክልላችን ባለው ግጭት ምክንያት አንድ ሰው በአዳራሽ የተለጠፈበት ስም ደጁ ድረስ ተከትሎት ሊሄድ ይችላል። ጉዳዩን ይውቀሱ፣ ሥራውን ይተቹ።

ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው፤ ለድንበር ግፊያ፣ ለብድር፣ ለባልና ሚስት ጸብ ይጠቀሙበት። የተደፈረች ልጅ ጉዳይና ከ18 ዓመት በታች ያለች ልጅ ጋብቻ ግን ለሽማግሌ አይቀርቡም። ምክር ቤቱ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይላካቸው።

አንዳንድ መታወቅ ያለባቸው

ልደት በ90 ቀን፣ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ አለባቸው። የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም መኖሩን ያረጋግጡ። በጎንደር ለቤት መሠረት ወይም ለቧንቧ ሲቆፈር የቆየ ግንብ ወይም ዕቃ ከተገኘ ቁፋሮውን ያቁሙና ለባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ያሳውቁ፤ የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በአውሮፓውያን 1979 ነው፣ በዙሪያውም ገና ያልተነካ ብዙ አለ።

የቃለ ጉባኤ ቅጂ ከተከለከሉ፣ የመረጃ ነፃነትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት አካል ለቀረበለት የመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ጥያቄዎን በጽሑፍ ያቅርቡ፣ ቀኑን ይቁጠሩ። በየደረጃው አቤት ብለው መልስ ካጡ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይችላሉ፤ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፣ ለአቤቱታም ገንዘብ አይጠይቅም።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ማንም ሪፖርት ከማንበቡ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ «ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበብልን፣ የተፈጸመውና ያልተፈጸመው ይለይልን» ይበል። ያ ሰው እርስዎ ይሁኑ።