የእንስሳት ሕክምና ተማሪ በክረምት ዕረፍቱ



ትምህርት ተዘግቶ በተመለስሁ ቁጥር የአራዳ ጓደኞቼ አንድ ጥያቄ አላቸው። «እኛ ደብተራችንን ከድነን ልናርፍ ነው፤ አንተ ክረምቱን ምን ትሠራለህ? ላም ታስተኛለህ?» ይሉና ይሥቃሉ። «የላም ዶክተር» የሚለው ስም ከወጣልኝም ቆይቷል። እኔም አብሬ እሥቃለሁ። ያለፈው ክረምት ግን ብዙ የሚያሥቅ አልነበረም፤ ስለዚህ የጽሑፍ ክፍሉ «ስለ ትምህርትህ ጻፍልን» ባለኝ ጊዜ እምቢ አላልሁም። ከመካከላችን ወላጆቻቸው ገጠር የሚኖሩ ብዙዎች ስለሆኑ፣ የምጽፈው ነገር ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ይጠቅማችሁ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍሁት አራዳ፣ አክስቴ ቤት ነው። በገበያ ቀን ጠዋት ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚያልፉትን አህዮች ጀርባ ማየት ለእኔ ትምህርት ነው። እህል፣ እንጨት፣ ከሰል ተጭነው ከገጠር በሌሊት ተነሥተው ይመጣሉ፤ ብዙዎቹ ገጣባ አለባቸው። ገጣባ የሚመጣው ባለቤቱ ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈው ጆንያ ሲሳሳ ወይም በዝናብ ርሶ ሲጨማደድ፣ ጭነቱም ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ቆዳውን ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ሳይድን በማግስቱ እንደገና ይጫናል። ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውኃ ማጠብ፣ ደረቅና ወፍራም ነገር ማንጠፍ ይረዳል፤ ዋናው መድኃኒት ግን ዕረፍት ነው። ይህንኑ ለአንዲት እንጨት ሻጭ እናት ብነግራቸው «እሷ ስታርፍ እኔ ልሸከመው ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ክፍል ውስጥ «እንስሳው ይረፍ» ብለን ስንጽፍ ግን ሙሉ ነጥብ እናገኝበታለን።

ከዚያ ወደ ወላጆቼ ቤት፣ ወደ ወገራ ሄድሁ። መንደራችን ከአምባ ጊዮርጊስ ከተማ በእግር የሚደረስበት፣ ገብስና ባቄላ የሚበቅልበት፣ በክረምት ጉሙ እስከ ረፋድ የማይገለጥበት ደጋ ነው። እዚያ «ተማሪ ነኝ» ማለት ከሥራ አያስጥልም። ጎሕ ሲቀድ በረት እጠርጋለሁ፤ እበቱን ለጓሮ እከምራለሁ፤ በክረምት ኩበት አይደርቅምና። ከዚያ አረም ነው፤ ወይም ተራው የእኔ ሲሆን ካባ ደርቤ ከብት ይዤ እወጣለሁ። ማታ ደብተሬን እገልጥና ሁለት ገጽ ሳላነብ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ከብት እየጠበቁ መዋል ከደብተር የማይገኝ ነገር ያስተምራል። እኔ በእንግሊዝኛ የሸመደድሁትን በሽታ እረኞቹ በራሳቸው ስም ያውቁታል። አባ ጎርባ የያዘው ወጣት ከብት ጭኑ ወይም ትከሻው ያብጣል፤ እብጠቱን ሲጫኑት እንደ ደረቅ ብራና ይንኮሻኮሻል። ይህን ምልክት መምህራችን ብዙ ደክሞ አስረድቶናል፤ የዐሥር ዓመት እረኛ ግን በመዳፉ ዳስሶ ይለየዋል። እረኛው የማያውቀውም አለ። ክረምቱ ሲወጣ በግ ከስታ መንጋጋዋ ሥር ከረጢት መስሎ ሲያብጥ «ብርድ መትቷት ነው» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ የጉበት ትል ነው። ትሉ በረግረግ ዳር በምትኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ፣ ከወጣ በኋላ ሣር ላይ ይጣበቅና ከሣሩ ጋር ተበልቶ ወደ ጉበት ይገባል። ስለዚህ በጎችን ከጨፌው ማራቅ መድኃኒት ከማጠጣት የማይተናነስ ሥራ ነው።

መድኃኒት ከተነሣ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪም የሆንሁ መስሎኝ ከከተማ አልቤንዳዞል ገዝቼ የጎረቤት በጎችን ሁሉ አጠጣሁ። ይህ መድኃኒት በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወር ላሉ በጎች እንደማይሰጥ የተማርሁት ቆይቼ ነው። ከወራት በኋላ አንዲት በግ እግሩ የተጣመመ ግልገል ወለደች። መድኃኒቱ ይሁን ሌላ ምክንያት በእርግጥ መናገር አልችልም፤ ባለቤቷም ምንም አላሉኝም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ መድኃኒትና መርፌ ይዤ አልሄድም። ቴርሞሜትር ብቻ እይዛለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የሰኔ ጾም ሳይፈታ፣ አንድ ማታ ተጠራሁ። ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት ጎረቤታችን ካሏቸው ሁለት በሬዎች አንዱ፣ እስከ ረፋድ ሲታረስበት ቆይቶ ከሰዓት በኋላ ሣር እምቢ ብሎ ተኝቷል። ሙቀቱን ለካሁ። የጤነኛ በሬ ሙቀት 38 እና 39 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የእርሱ ከ41 አልፏል። ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ደጅ ደግሞ ሁለት ጎረምሶች ቢላዋ ይስላሉ። «ሳይበክት እንባርከው» ይላሉ። ሥጋው ቅርጫ ገብቶ ገንዘቡ ለባለቤቲቱ ሊሰጥ፣ ጾምም ስለሆነ ቋንጣ ሆኖ እስከ ጾሙ ፍቺ ሊቆይ ነው። በዚህ ውስጥ አንዳች ክፋት አልነበረም፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው ደግነት ነው። «እባካችሁ አትረዱት» ብዬ ስለምን ክፉ የመሰልሁት እኔ ነኝ።

አባ ሰንጋን ጠርጥሬ ነበር። ይህ በሽታ ብዙ ምልክት ሳይሰጥ ይገድላል፤ ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ አፈሩን ባረጠበ ጊዜም መነሣት ይወዳል። ገና ሲጀምር ፔኒሲሊን ቢወጋ ሊተርፍ ይችል ነበር፤ መድኃኒቱ ያለው ግን ከተማ ነው፣ ጊዜውም መሽቷል። በሬው ሌሊት ሞተ። ከአፍንጫው የወጣው ደም ጥቁር ነበር፤ እስኪነጋም አልረጋም። ይህን ሳይ ጥርጣሬዬ ጠነከረ።

እንዲህ ያለ በድን የማይከፈተው ስለ ምን እንደሆነ ልብ በሉ። የበሽታው ተዋሕስያን ካልተቀደደ በድን ውስጥ ሳሉ ከመበስበሱ ጋር አብዛኞቹ ይሞታሉ። ሆዱ ተከፍቶ አየር ካገኙ ግን ጠንካራ ልባስ ለብሰው በአፈር ውስጥ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ይቆያሉ። ቋንጣ ማድረግ ምንም አይጎዳቸውም፤ መቀቀልም አያስተማምንም። የገፈፈው ሰው እጁ ላይ መካከሉ የጠቆረ፣ እምብዛም የማያም ቁስል ይወጣበታል፤ የበላው ሆዱን ታሞ ሊሞት ይችላል። ይህን ሁሉ እዚያው በጭቃው ላይ ቆሜ ተናገርሁ። «እሺ፣ ሥጋውስ ይቅር፤ ቆዳውስ?» አሉኝ። ቆዳውም አይሆንም አልሁ። ያን ጊዜ ባለቤቲቱ አንገታቸውን አቀርቅረው የተናገሩትን አልረሳውም። «አንተ ልጅ፣ ማዳን ነበር እንጂ መቅበሩንማ ማን ያቅተዋል?»

ጉድጓዱን የቆፈሩት ዐሥራ አንድ ሰዎች ናቸው፤ ከሰው ቁመት በላይ እስኪሆን፣ በዝናብ። በድኑን በገመድ ጎትተን አስገባን፤ ደም የነካውን አፈርም ጭምር ጠርገን ከተትን። ኖራ አልነበረንም፤ ድንጋይ ከመርንበትና በእሾህ አጠርንበት። በሬውን በእጃቸው የነካኩትን በሳሙና እንዲታጠቡ፣ ቁስል ከወጣባቸውም ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሮጡ ነገርኋቸው።

ቁፋሮው ላይ አንድ ሽማግሌ «ደስታ ገብቶ በሬ ባለቀ ጊዜ ሰው በዶማ ቆፍሮ ዘራ ይሉን ነበር፤ አንድ በሬ ምን አላት» እያሉ ሴትየዋን ያጽናኑ ነበር። ስሙ ደስታ ይሁን እንጂ ይህ የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገራችንን ከብት አብዛኛውን ፈጅቷል፤ ያስከተለው ረኃብም ክፉ ቀን ተብሎ ይጠራል። በአውሮፓም ሲያጠፋ ነበር። ክሎድ ቡርዥላ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1761 ሊዮን ከተማ ላይ የመጀመሪያውን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት እንዲያቋቁም ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው በሽታ ነው። እንግዲህ የእኔ ትምህርት በደስታ ምክንያት የተወለደ ነው ማለት ነው። ዛሬ ደስታ የለም። በአፋር በረሃ ሙቀት የሚችል ክትባት ይዘው ከብቱን የከተቡት ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው፤ በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ፤ የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ጨርሶ ያጠፋው በሽታ ፈንጣጣና ይህ ብቻ ነው።

አባ ሰንጋ ግን አፈር ውስጥ ስለሚተኛ እንዲህ አይነቀልም። ያለው መንገድ በየዓመቱ ዝናቡ ሳይጀምር መከተብ ነው፤ ክትባቱ በቢሾፍቱ፣ በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይሠራል። እዚህ ላይ ሌላው ጥፋቴ ይመጣል። ለፋሲካ እቤት ነበርሁ። «ከብቶቹ ዘንድሮ ተከትበዋል ወይ?» ብዬ አንድ ሰው አልጠየቅሁም። ዶሮ በላሁ፤ ስለ ፈተናዬ አወራሁ፤ ተመለስሁ። አንድ ጥያቄ ነበር የሚበቃው።

ባለሙያ የመጣው በሬው ከተቀበረ በስምንተኛው ቀን ነው። የመንደሩን ከብት ከተበ፤ የደም ናሙና የሚወሰድበት ጊዜ ግን አልፎ ነበር። ስለዚህ አባ ሰንጋ መሆኑ በማይክሮስኮፕ አልተረጋገጠም። በጥርጣሬ ብቻ የአንዲት ሴት በሬ ሳይሸጥ ሳይገፈፍ አፈር ገባ። ሰውም ሌላ ከብትም አልታመመም፤ ይህ እኔ ልክ ስለነበርሁ ይሁን ስለተሳሳትሁ ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ፈተና ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አይወጣም።

ሴትየዋ ለአንድ ወር ያህል አላነጋገሩኝም። የቀረውን አንድ በሬ ከአባቴ በሬ ጋር በመቀናጆ አጣምረን ማሳቸው ታረሰ፤ ያረስሁት እኔ ነኝ፤ ቡናም ጠላም አልቀረበልኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ቢያመሰግኑኝ ያፍረኝ ነበር።

ጳጉሜን ላይ፣ ወደ አራዳ ልመለስ ስል፣ መቃብሩን ላይ ሄድሁ። እሾሁን ለማገዶ የወሰደው ሰው አለ። በአጠገቡ ያለው ሣር ከሌላው ቦታ ይልቅ ረዝሞና ለምልሞ ጥጃ የሚጠራ ሆኗል። ከታናሽ ወንድሜ ጋር አዲስ የአጋም እሾህ ቆርጠን ማጠር ጀመርን። ሴትየዋ ከደጃፋቸው ቆመው ሲያዩን ቆዩ። በኋላ አንድ ሸክም የእሾህ ቅርንጫፍ በገመድ አስረው ራሳቸው ጎትተው አመጡና፣ «በዚያ በኩል ሳስቷል» አሉኝ።