በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ለሚታደርበት መኪና መስኮት መምረጥና መግጠም

በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ቅጥቅጥ አውቶቡስ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሚኒባስን ወይም አነስተኛ የጭነት መኪናን ወደ ካምፐር ለመለወጥ አይቸገሩም። ላሜራ ማጠፍና ቋሚ መበየድ የዕለት ሥራቸው ነው። መስኮቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የቅጥቅጥ መስኮት የሚሠራው መኪናው እየሄደ ነፋስ እንዲያስገባ ታስቦ ነው፤ የካምፐር መስኮት ደግሞ መኪናው ቆሞ፣ ሰው ተኝቶ ማገልገል አለበት። ላንጋኖ ዳር፣ ሶደሬ ወይም አዋሽ ፓርክ ውስጥ መኪናው ውስጥ ለማደር ያሰበ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት የሚከተለውን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሙቀቱ ከየት ይገባል?

ለካምፐር ተብለው የሚመጡት ባለ ሁለት ንጣፍ መስኮቶች በአብዛኛው ለአውሮፓ ብርድ የታሰቡ ናቸው። በሁለቱ ንጣፎች መካከል የታፈነው አየር ሙቀት እንዳይተላለፍ ያግዳል። ነጠላ መስታወት በአንድ ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ የአንድ ዲግሪ ልዩነት 5.8 ዋት ገደማ ያሳልፋል፤ ባለ ሁለቱ ግማሹን ያህል።

ይህ ቁጥር ሻጮች የሚያሳዩት ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን በአዳማ፣ በመተሐራና በባቱ መኪናን ምድጃ የሚያደርገው በመስታወቱ በቀጥታ የሚገባው የፀሐይ ጨረር ነው። ጥርት ያለ ነጠላ መስታወት ከሚያርፍበት የፀሐይ ሙቀት 80 በመቶ ያህሉን ያስገባል፤ ጥርት ያለው ባለ ሁለት ንጣፍም 70 በመቶ ገደማ ያስገባል። ስለዚህ «ድርብ ስለሆነ ሙቀት አያስገባም» የሚልዎትን አይመኑ። በዚህ አገር ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ አንደኛ ጥላ፣ ሁለተኛ የአየር መተላለፊያ፣ ሦስተኛ ድርብ መስኮት። ድርቡ ዋጋውን የሚመልሰው ከሻሸመኔ በዶዶላ በኩል ወደ ባሌ ሲወጡ ነው። ዲንሾ ላይ ሌሊቱ ሲበርድ ነጠላ መስታወት ከእስትንፋስ በሚወጣ እርጥበት ያልበውና ፍራሽ ላይ ይንጠባጠባል።

ቦታ መምረጥ

አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8.5 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት የሚያርፈው ጣሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ብርሃን የሚያስገባ የጣሪያ መስኮት ባይገጥሙ እመክራለሁ። ጣሪያው ላይ የሚያስፈልገው ነጭ፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ የሚከፈት የአየር ማስወጫ ነው።

የጎን መስኮቶች የሚጎዱት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ነው። በተለይ የምዕራቡ ይብሳል፤ አየሩ አስቀድሞ ስለሚግል። ትልቁን መስኮት ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አዙረው ማቆም ይልመዱ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በትንሹ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በቀረው ጊዜ ወደ ደቡብ። በኅዳርና በታኅሣሥ የደቡቡ ጎን ሙሉ ቀን ፀሐይ ይመታዋል።

ሁለት መስኮት ይበቃል፤ ትይዩ ይሁኑ። ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ ሦስትም አራትም ቢኖር አይጠቅምም። የታችኛው ጠርዝ ከፍራሹ ትንሽ ከፍ ቢል የሌሊቱ አየር የተኛውን ሰው ያገኘዋል።

የትኛውን ልግዛ?

ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው ከውጭ የሚመጣው ድርብ አክሪሊክ (እንደ መስታወት ጥርት ያለ ፕላስቲክ) ነው። ቀላል ነው፤ ሁለቱም ንጣፍ ሦስት ሦስት ሚሊሜትር ቢሆን በካሬ ሜትር ሰባት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አራት አራት ሚሊሜትር የሆነ ድርብ መስታወት ግን 20 ኪሎ ነው። ሁለተኛው አሉሚኒየም ቤት ሄዶ ድርብ ቴምፐርድ መስታወት ማሠራት ነው። ቴምፐርድ አንዴ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፣ አይበሳም፤ ልኩ አምስት ሚሊሜትር ቢያልፍ እንደገና ማሠራት ነው። ሦስተኛው የሚኒባሱን የራሱን መስታወት ትቶ ከውስጥ አንጸባራቂ ፎይል የለበሰ ፎም መግጠም ነው። ገንዘብ ያጠረው ሰው በዚህ ይጀምር፤ ለሸለቆው ሙቀት ከጠበቁት በላይ ይሠራል።

እኔ የምመርጠው አክሪሊኩን ነው። መንገዳችን ኮረኮንች ስለሚበዛበት ክብደትና ንዝረት ወሳኝ ናቸው። ሲገዙ ጠርዙ ላይ «43» የሚል ቁጥር ያለበት የአውሮፓ የተሽከርካሪ መስታወት ደረጃ ምልክት መኖሩን ይዩ። ለፊት መስታወትና ለሾፌሩ በር ግን አክሪሊክ በፍጹም አይሆንም።

ብዙ ሰው የማያየው አንድ ነገር አለ፤ ከፍታ። ከባሕር ወለል ላይ የታሸገ ድርብ መስኮት አዳማ ሲደርስ 1,600 ሜትር ገደማ ወጥቷል፤ የውጭው የአየር ግፊት ከስድስት እጅ አንዱን ያህል ቀንሷል። አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ አንድ አራተኛው ሊቀንስ ይቃረባል። የታፈነው አየር ንጣፎቹን ወደ ውጭ ይገፋቸዋል፤ ሲያብጡ በዓይን ይታያል። ጥሩ የአክሪሊክ መስኮት ጠርዙ ላይ ትንንሽ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ውታፍ አለው። ከመግጠምዎ በፊት መስኮቱን ጥላ ውስጥ አቁመው ውታፉን ይንቀሉ፤ ግፊቱ እስኪስተካከል አንድ ቀን ይተዉትና መልሰው ይድፈኑት። በመካከሉ ጤዛ ቢገባም የሚወጣው በዚሁ ቀዳዳ ነው።

መቁረጥ

ቦዲው ከመቆረጡ በፊት ለውጡ በሊብሬውና በዓመታዊው ምርመራ ላይ ጥያቄ እንዳያስነሳ የትራንስፖርት ቢሮውን ይጠይቁ። ከዚያ የመስኮቱን ልክ በካርቶን ያውጡና ከውስጥም ከውጭም ግድግዳው ላይ አስጠግተው ይዩት። የብረት ቋሚ፣ ሽቦ፣ የነዳጅ ቧንቧ ወይም የተንሸራታች በር ሐዲድ የሚነካ ከሆነ ቦታውን ይቀይሩ። ቋሚ ቆርጦ መስኮት ማስገባት ቦዲውን ያላላል።

ቀዳዳው ከፍሬሙ ልክ በየጎኑ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊሜትር ሰፋ ይበል። አንድ ሜትር አክሪሊክ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ወደ ሦስት ሚሊሜትር ይረዝማል፤ መላወሻ ካጣ ይጎብጣል።

በሚቆረጠው መስመር ላይ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ፤ ማዕዘኖቹን ክብ አድርገው በመሰርሰሪያ ይብሱና በጂግሶ የኤሌክትሪክ መጋዝ ይቁረጡ። ግራይንደር ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ፍንጣሪው ቀለሙን አቃጥሎ ከወር በኋላ የዝገት ነጠብጣብ ያወጣል። ጠርዙን በሞረድ ያለስልሱ፤ የብረት ብናኙን አንድም ሳይቀር ይጥረጉ፤ አንቲረስት ሁለት ጊዜ ቀብተው በደንብ ያድርቁት።

ላሜራው ብቻውን ቀጭን ስለሆነ በቀዳዳው ዙሪያ ከውስጥ የእንጨት ፍሬም ይለጥፉ። የመስኮቱ የውስጥና የውጭ ፍሬም የሚጨብጡት ይህንን ነው። ውፍረቱ መስኮቱ ከሚፈልገው የግድግዳ ውፍረት ጋር እኩል ይሁን፤ ከሳሳ ውኃ ያስገባል።

ማሸግና ማጥበቅ

መጀመሪያ ያለ ማሸጊያ አስገብተው ይሞክሩ። ልኩ ሲስማማ ያውጡትና በፍሬሙ ከንፈር ዙሪያ የማይደርቅ ማስቲክ ሳያቋርጡ ያድርጉ። ሲሊኮን ከገዙ ክዳኑን ከፍተው ያሽትቱት፤ የኮምጣጤ ሽታ ካለው ይመልሱት። ያ ዓይነቱ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ ያልተቀባ ብረትን ያዝጋል።

መስኮቱን መልሰው ያስገቡና የውስጡንና የውጭውን ፍሬም የሚያያይዙትን ቪቶች በካቻቢቴ፣ በእጅ፣ በሰያፍ እያቀያየሩ ያጥብቁ። ማስቲኩ በዙሪያው ሁሉ እኩል ጎልቶ ሲወጣ ይቁሙ። ከታች ያሉትን የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አይድፈኑ፤ ከመስኮቱ በላይ ደግሞ ትንሽ የውኃ ማንጠባጠቢያ ጠርዝ ይለጥፉ። ሲጨርሱ በጎማ ውኃ ከታች ወደ ላይ እያሉ ለአሥር ደቂቃ ያጠጡት፤ ሌላ ሰው ውስጥ ሆኖ በደረቅ ወረቀት ይፈትሽ።

ነፋስ፣ ወባ፣ አቧራ

በአዳማ ዙሪያ ኮረብታዎች ላይ 51 እና 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ ታጥፎ ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት በሁለቱም ጎን የሚቆለፍ መደገፊያ ይኑረው፤ ነፋሱ ሲበረታ ወይም መኪናው ሲነሳ ይዘጋ።

ሸለቆው የወባ አገር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪደሃር ላይ የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ አሁን በከተሞች የውኃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። ስለዚህ ቀዳዳው ከ1.5 ሚሊሜትር የማይበልጥ ወንፊት ከውስጥ ይግጠሙ፤ ጠርዙ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከተረፈ ወንፊቱ ዋጋ የለውም።

ጥላው ከውጭ ይሁን። ከመስታወቱ ፊት የሚዘረጋ ሸራ ወይም አንጸባራቂ ሽፋን ጨረሩን ሳይገባ ይመልሰዋል። ጥቁር መጋረጃ ከውስጥ ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ መኪናን ፀሐይ ላይ ማቆም አክሪሊኩን ያጎብጠዋል፤ ጥቂት ክፍት ይተዉት።

የአዳማን አቧራ በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉ፤ አክሪሊኩን ይጭረዋል። በብዙ ውኃ አርሰው በለስላሳ ሳሙና ይጠቡት። ቤንዚን፣ ቲነርና አልኮል አክሪሊክን ያሰነጣጥቁታል።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። መስኮቱ በደንብ ከተገጠመ መኪናው አየር አያስገባም ማለት ነው። በብርድ ሌሊት ቡና ለማፍላትም ሆነ ለመሞቅ ከሰል ወደ ውስጥ አያስገቡ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ከሰሉን ውጭ ያንድዱ፣ ውጭ ያጥፉ፤ የጣሪያውን ማስወጫም ሌሊቱን ሙሉ ጥቂት ከፍተው ይደሩ።