የፀሐይ ብርሃንና ቢጫ የሆነ ነጭ ቀለም

ነጭ የዘይት ቀለም የተቀባ ሞዴል በትምህርት ቤት ኤግዚቢሽን ከታየ በኋላ በቁም ሣጥን ተቆልፎ ቢከርም፣ በሚወጣበት ጊዜ ነጭነቱ ጠፍቶ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «አርጅቷል» ብሎ ይጥለዋል፤ ወይም ገንዘብ አውጥቶ እንደ ገና ይቀባዋል። ነገር ግን መድኃኒቱ ያለ ዋጋ በየደጃችን የሚወጣው ፀሐይ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን፣ አሠራሩንና ጥንቃቄውን በተራ እንመልከት።

የዘይት ቀለም የሚባለው የቀለም ዱቄት ከሚደርቅ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው። ከጥንት ጀምሮ ለዚህ ሥራ የታወቀው እኛ በጾም ወራት በጥብጠን የምንጠጣው የተልባ ፍሬ ዘይት ነው። ዛሬ ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው የዘይት ቀለምም በአብዛኛው ከአትክልት ዘይት የተገኘ ነገር አለበት። ይህ ዘይት እንደ ውሃ ተንኖ አይደርቅም፤ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ይጠነክራል እንጂ። በዚህም ጊዜ ቢጫ መልክ ያላቸው ውሁዶች በውስጡ ይፈጠራሉ። ሰማያዊው ብርሃንና ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር እነዚህን ውሁዶች ያፈርሳቸዋል፤ በጨለማ ግን የሚያፈርሳቸው ስለሌለ ይከማቻሉ። በግድግዳ ላይ የኖረ ፎቶግራፍ ሲነሣ ከበስተኋላው ያለው የዘይት ቀለም ቢጫ ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው።

ነገሩ ከጥንት የታወቀ ነው። ታላቁ የፍላንደርስ ሠዓሊ ሩበንስ እ.ኤ.አ. በ1629 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ በሣጥን ታሽጎ የተላከው ሥዕል ቢጫ ሆኖ ቢገኝ በፀሐይ ላይ እንዲያቆመው መክሮት ነበር። በውጭ አገር ያሉ ሞዴል ሠሪዎችም ቢጫ የሆኑ ተለጣፊ ምልክቶችን በመስኮት መስተዋት ላይ ለጥፈው ያነጿቸዋል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ/ በመጀመሪያ አቧራውንና የጭሱን ጥቀርሻ በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት ነው። ጥቀርሻ ቆሻሻ ስለሆነ ፀሐይ አያስለቅቀውም።

2ኛ/ ከሞዴሉ ጥቂቱን ቦታ በጥቁር ወረቀት ሸፍኖ ለጥቂት ቀናት በብርሃን ማቆየት፤ ከዚያም ወረቀቱን አንሥቶ የተሸፈነውን ካልተሸፈነው ጋር ማስተያየት ነው። ልዩነት ከታየ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው።

3ኛ/ ቀይና ሐምራዊ የመሳሰሉት ቀለሞች በፀሐይ ሊደበዝዙ ስለሚችሉ መሸፈን አለባቸው።

4ኛ/ ፕላስቲክ በሙቀት ስለሚጣመም የጠዋት ፀሐይ ይመረጣል። ብርሃኑ በሁሉም ወገን እንዲደርስ ሞዴሉን በየቀኑ ማዞር ይገባል።

5ኛ/ ነጭነቱ ከተመለሰ በኋላ ብርሃን በሚያገኝ ክፍል ማስቀመጥ ነው። ወደ ጨለማ ከተመለሰ ቢጫነቱም ይመለሳል።

ለዚህ ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጥርት ያለ የበጋ ፀሐይ ይስማማል። አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ስለሚበረታ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ለምንኖር ለአዲስ ዓለም ልጆች ብርሃኑ ጠንካራ ነው።

ይሁን እንጂ ቢጫነት ሁሉ አንድ አለመሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። የጋዜጣ ወረቀት በብርሃን ቢጫ ይሆናል፤ ወደ ፀሐይ ቢወጣ ይብስበታል። ብዙ ዓይነት ፕላስቲክም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመስጠት በፊት በሽታውን መለየት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ለቅርሶቻችን ነው። ከተማችንን ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ አዲስ መዲና ሊያደርጓት አስበው እንደ ነበር፣ ለቤተ መንግሥት የታሰበውም ሕንፃ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ ሁላችን እናውቃለን። በእንዲህ ያለ ጥንታዊ ስፍራ የሚገኙ ሥዕሎች፣ የብራና መጻሕፍትና አልባሳት «ፀሐይ ያነጣል» ተብሎ ወደ ውጭ ሊወጡ አይገባም። አንድ ጊዜ የደበዘዘ ቀለም አይመለስምና፤ የእነርሱ ጉዳይ የባለሙያ ነው። ሞዴል ቢበላሽ ግን ሌላ እንሠራለን።

እናቶቻችን ነጩን ሸማ በፀሐይ፣ ደማቅ ጥለት ያለውን ግን በጥላ ያሰጣሉ። ኬሚስትሪ የሚያስተምረን ይህንኑ ጥበብ ከነምክንያቱ ነው። እንግዲህ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፣ ቢጫ የሆነውን ሞዴል ከመጣላችሁ በፊት በመስኮት አጠገብ አቁማችሁ ፈትኑት፤ የደከማችሁበት ሥራ ለሚመጡት ተማሪዎች መማሪያ ይሆናልና።