በእርሾ ህዋስ ውስጥ የሚሠሩ ሞተሮች

የዳቦን ሊጥ የሚያቦካው፣ ጠጅንም የሚያፈላው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የተባለው እርሾ ባለ አንድ ህዋስ ፍጡር ነው። ስፋቱም ከአንድ ሚሊሜትር 200ኛ እጅ ያህል ነው። ሲራባ በጎኑ ላይ እምቡጥ ያወጣል፤ እምቡጡም አድጎ ልጅ ህዋስ ይሆናል። ታዲያ ለልጅ ህዋሱ የሚያስፈልገው ሁሉ በጠባቡ አንገት በኩል እንዴት ያልፋል?

ይህን ሥራ የሚያከናውኑት ሞተር ፕሮቲኖች ናቸው። ከኤቲፒ የሚያገኙትን ኃይል ወደ እንቅስቃሴ ለውጠው በህዋሱ ውስጥ በተዘረጉ ክሮች ላይ ይጓዛሉ። እርሾ በአክቲን ክሮች ላይ የሚሠሩ 5 ማዮሲኖች፣ በማይክሮቲዩቦች ላይ የሚሠሩ 6 ካይኔሲኖችና 1 ዳይኒን አሉት።

ማዮ2 የተባለው ማዮሲን ለእምቡጡ ዕድገት የሚውሉ ከረጢቶችን ያጓጉዛል። ሲን8 እና ኪፕ1 የተባሉት ካይኔሲኖች ክሮሞሶሞችን የሚያከፋፍለውን እንዝርት መሰል አውታር ጫፎች ገፍተው ያራርቃሉ። ዳይኒን ደግሞ ከእምቡጡ ጠርዝ ሆኖ ማይክሮቲዩቦችን በመሳብ እንዝርቱን ወደ አንገቱ ያስገባል። በመጨረሻም ማዮ1 የሚገኝበት ቀለበት አንገቱን ያጠብበዋል።

ዳይኒን ቢጠፋስ? አንዳንድ ጊዜ ሁለቱም የክሮሞሶም ድርሻዎች በእናት ህዋሱ ውስጥ ይቀራሉ። ነገር ግን አብዛኞቹ ህዋሳት አይሞቱም፤ ማዮ2 ካር9 ከተባለ ፕሮቲን ጋር ተባብሮ የማይክሮቲዩቦችን ጫፍ ወደ እምቡጡ ይመራልና። እንዝርቱ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ክፍፍሉን የሚያዘገይ መቆጣጠሪያም አለ። ዳይኒንና ካር9 አብረው ሲጠፉ ግን ህዋሱ በሕይወት ለመቆየት እጅግ ይቸገራል።

ስለዚህ አንድ ጂን ጠፍቶ ህዋሱ ስላልሞተ ብቻ «ጂኑ ሥራ የለውም» ብለን መደምደም አይገባንም። ሥራውን የሚተካለት ሌላ ጂን መኖሩን አስቀድመን ልንመረምር ይገባል።