ሕፃናትን በኮምፒዩተር ፊት ደግነትንና መተባበርን ስለ ማስተማር

የሕፃን ልቡና እንደ ለስላሳ ጭቃ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋ እንደ ቀረጸችው ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ቅርጹን እንለውጥ ቢሉት ይሰበራል እንጂ አይታጠፍም። ይህን በመገንዘብ አባቶቻችን ሕፃኑን ፊደል ሲያስቆጥሩት ፊደሉን ብቻ አላስተማሩትም። በአብነት ትምህርት ቤት ነባሩ ተማሪ አዲሱን ያስጠናዋል፤ በአኩፋዳ ከመጣው ቁራሽም ታሞ መንደር ለመንደር መዞር ያልቻለው ሳይቀር ይቋደሳል። ስለዚህ ልጁ ንባቡን ሲያውቅ ከሰው ጋር መኖርንም አብሮ ያውቃል።

ዛሬ ግን ከልጆቻችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን የሚቀበሉት በኮምፒዩተር፥ በታብሌትና በእጅ ስልክ ጭምር ነው። በሀገራችን ይህ ነገር ይበልጥ የተስፋፋው በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ነው። በዚያን ጊዜ በከተማ ያሉ ብዙ መምህራን ትምህርቱን በቴሌግራም ይልኩ ጀመር፤ በውጭ ሀገር በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በየቤታቸው ሆነው በዙም ይማሩ ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም መሣሪያው ከልጆቹ እጅ አልወጣም።

ስለዚህ መሣሪያ ሁለት ዐይነት ንግግር ይሰማል። አንዳንዱ ሰው ጥበብ ሁሉ በውስጡ ያለ ይመስለዋል፤ ሌላው ደግሞ የልጆች ጠባይ የተበላሸው በእርሱ ብቻ ነው ይላል። ነገር ግን ቢላዋ ሽንኩርትም ይከትፋል፥ እጅም ይቆርጣል፤ ልዩነቱ በያዘው ሰው ዘንድ ነው። እኛ ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ ይህ ነው፦ በመሣሪያው ፊት የተቀመጠው ልጅ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ያያልን? ይህም የሚወሰነው መምህሩ በሚሰጠው ሥራ አኳኋን መሆኑን ከዚህ ቀጥለን እናሳያለን።

1ኛ፤ ምክር ብቻውን የማይበቃ ስለ መሆኑ

መምህር ልጆቹን ሰብስቦ «ተዋደዱ፥ ተባበሩ» ብሎ ቢመክር መልካም ነው። ይሁን እንጂ ምክሩን ከጨረሰ በኋላ «ፈጥኖ የመለሰ ይሸለማል» ብሎ ጥያቄ ቢያቀርብ፥ ልጆቹ ከምክሩ ይልቅ ከጥያቄው ይማራሉ። እጁን ያወጣ ልጅ ጓደኛው ሲሳሳት ደስ ይለዋል፤ ተራው ለእርሱ ይደርሰዋልና። ዛሬ በየክፍሉ ከሚሠራባቸው የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዳንዶቹ ከጥያቄው ቀጥለው ማን እንደ ቀደመ በስክሪን ላይ ስለሚያሳዩ፥ ይህን ክፉ ደስታ ያበዙታል።

በዚህ ነገር እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍለ ሀገር በኦስቲን ከተማ የሆነው ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። አስቀድሞ በዘር ተለያይተው ይማሩ የነበሩ የነጮች፥ የጥቁሮችና የሜክሲኮ ተወላጆች ልጆች በዚያን ጊዜ በአንድ ክፍል እንዲማሩ ስለ ተደረገ፥ በትምህርት ቤቶቹ ብርቱ ጠብ ተነሣ። ኤልየት አሮንሰን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ክፍሎቹን ሲመለከት፥ ልጆቹ የሚማሩት እርስ በርሳቸው በመሽቀዳደም መሆኑንና ይህም ጥላቻውን የሚያባብሰው መሆኑን አስተዋለ። ስለዚህ ስብከት ከመጨመር ይልቅ የሥራውን አሠራር ለወጠው። ልጆቹን አምስትም ስድስትም እያደረገ በቡድን ከፈላቸው፤ ትምህርቱንም በዚያው ቍጥር ከፍሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዱን ክፍል ብቻ ሰጠው። ልጁ ክፍሉን አጥንቶ ለጓደኞቹ ያስተምራል፤ ፈተናው ግን ከሁሉም ክፍል ስለ ሆነ፥ ጓደኛውን ያልሰማ ይወድቃል።

በመጀመሪያ አንደበቱ የተያዘው፥ ቋንቋው የከበደው ልጅ ተራው ሲደርስ ሌሎቹ ይሥቁበት ነበር። ሆኖም የእርሱን ክፍል ከእርሱ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ፥ ሣቁ እንደማይጠቅማቸው ጥቂት ቀን ቈይተው ተረዱት፤ በጥያቄ እያገዙ ያናግሩትም ጀመር። ስምንት ሳምንት ካለፈ በኋላ በዚህ አሠራር የተማሩት ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ጓደኞቻቸውን የሚወዱ፥ ትምህርት ቤታቸውን የማይጠሉ ሆነው ተገኙ፤ አስቀድሞ ወደ ኋላ የቀሩትም በፈተናቸው ተሻሻሉ። ከዚህ የምንረዳው ሥራው ራሱ ምክር የሚሰጥ መሆኑን ነው።

2ኛ፤ በአንድ ገጽ ላይ አብሮ ስለ መጻፍ

ይህ የአሮንሰን አሠራር በኮምፒዩተር ይበልጥ የተመቸ ነው። ዛሬ ብዙ ሰዎች በየመሣሪያቸው ሆነው በአንድ ጊዜ የሚጽፉበት የጋራ ገጽ አለ፤ ጉግል ዶክስ የሚባለው ከነዚህ አንዱ ነው። ለምሳሌ የክፍሉ ትምህርት ስለ ዓባይ ወንዝ ቢሆን፥ አንደኛው ልጅ በሰከላ ስላለው ስለ ምንጩ ስለ ግሽ ዓባይ፥ ሁለተኛው ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ፥ ሦስተኛው በጳጉሜን ወር 2017 ዓ.ም. ስለ ተመረቀው ስለ ሕዳሴ ግድብ፥ አራተኛው በካርቱም ከነጭ ዓባይ ጋር ስለሚገናኝበት ቦታ ይጻፍ። አራቱም ክፍሎች በአንድ ገጽ ላይ ሲገጠሙ ወንዙ ከምንጩ ጀምሮ ይፈስሳል፤ አንዱ ልጅ ያልጻፈ እንደ ሆነ ግን ወንዙ በመካከል ይቋረጣል። ልጆቹም መቋረጡን በዐይናቸው ያዩታል።

መምህሩ በዚህ ሥራ ሁለት ነገር ይጠብቅ። አንደኛው፥ ጐበዙ ልጅ የሁሉንም ክፍል እንዳይጽፍ ነው፤ ይህ በውጭ ሲታይ ደግነት ይመስላል፥ በውስጡ ግን ጓደኛን መናቅ አለበት። ስለዚህ ከሥራው ፍጻሜ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ጓደኛው ስለ ጻፈው ክፍል በቃሉ ይጠየቅ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበረው መምህር ሮበርት ስሌቪን ስለ ቡድን ትምህርት ባደረገው ጥናት፥ የቡድን ሥራ የሚጠቅመው የጋራ ዓላማና የእያንዳንዱ ኀላፊነት በአንድነት ሲገኙ መሆኑን አስረድቷል። ሁለተኛው፥ አንዱ የሌላውን ጽሑፍ ሳያስፈቅድ እንዳይሰርዝ ነው። ቢሰርዝም የጋራው ገጽ የቀድሞውን ጽሑፍ ስለሚያስቀምጥ ይመለሳል፤ እንዲመልሰው የሚታዘዘው ግን መምህሩ ሳይሆን የሰረዘው ልጅ ራሱ ይሁን። ያፈረሰ እጅ ሲገነባ ይማራልና።

3ኛ፤ ለሁለት ልጆች አንድ ኮምፒዩተር

በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን መሣሪያው ለተማሪው ቍጥር አይበቃም። ይህ ጐደሎ ቢሆንም ወደ መልካም ሊለወጥ ይችላል። የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሓፊዎች በአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ሁለት ሆነው የሚሠሩበት ልማድ አላቸው፤ ይኸውም አንዱ ይጽፋል፥ ሁለተኛው እየተመለከተ መንገዱን ያመለክታል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይለዋወጣሉ። ለሕፃናት በየ10 ደቂቃው ደወል እየተደወለ ቢለዋወጡ ይበቃል። መንገድ አመልካቹ ኪቦርዱንና ማውዙን አይንካ፤ በቃሉ ብቻ ያስረዳ። የሚጽፈውም ያልገባውን ይጠይቅ እንጂ ዝም ብሎ አይለፍ። በዚህም አንዱ ታግሦ ማስረዳትን፥ ሁለተኛው ትሑት ሆኖ መስማትን ይለምዳል። ጉልበተኛው ልጅ መሣሪያውን ይዞ እንዳይቀርም ደወሉ ዳኛ ይሆናል።

በ2004 ዓ.ም. ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ላላዩ 40 ያህል ልጆች ታብሌት በካርቶን እንደ ታሸገ ሰጥቶ ነበር፤ አስተማሪ ግን አልተመደበላቸውም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደ ተናገረው፥ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ ልጆቹም ከዚያ በኋላ በየቀኑ ብዙ ነገር ይማሩበት ነበር። ይህን ሰምተው ብዙ ሰዎች በመሣሪያው ተደነቁ። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ፥ ለእያንዳንዱ የየራሱ ታብሌት ተሰጥቶት ሳለ ልጆቹ ያወቁትን እርስ በርስ ማሳየታቸው ነው። ይህን ታብሌቱ ያስተማራቸው አይመስለኝም፤ ከእናታቸው ቤትና ከከብት ጥበቃው ይዘውት የመጡት ነው። እንግዲህ የመምህሩ ሥራ ሕፃኑ ይዞት የመጣውን ይህን ሀብት እንዳያጠፋበት መጠንቀቅ ነው።

4ኛ፤ የሌላውን ድካም ስለ ማመስገን

በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ያወጣው ስክራች የሚባል የልጆች የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ። የተዘጋጀው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉት ነው፤ ዋጋ አይከፈልበትም፤ በአማርኛም ይሠራል። ልጁ ትእዛዞቹን እንደ ጡብ እየደራረበ ተረትና ጨዋታ ይሠራበታል። በኢንተርኔት ላይ አንዱ ልጅ የሠራውን ሌላው ወስዶ ሊጨምርበት ይችላል፤ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያው ሠሪ ስም በገጹ ላይ አብሮ ይታያል።

መምህሩ በዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ይስጥ፦ አንድ ልጅ እናቱን ያጣ የጥጃ ታሪክ ይጀምር፤ ሁለተኛው ከቆመበት ይቀጥል፤ ሦስተኛው ድምፅ ይጨምርበት። ኢንተርኔት በሌለበትም ፕሮግራሙ በኮምፒዩተሩ ላይ ከተጫነ ሥራውን በፍላሽ ማቀባበል ይቻላል። እያንዳንዱም ሥራውን ሲያሳይ ከማን ምን እንደ ተቀበለ አስቀድሞ ይናገር። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሌላውን ድካም በስሙ የሚጠራ ልጅ ሲያድግ የሰው ሥራ የእኔ ነው አይልም። በአብነት ትምህርት ቤትም ሊቁ ትምህርቱን ከማን እንደ ተቀበለ የመምህሩን ስም እየጠራ መናገሩ ስለዚሁ ነው።

5ኛ፤ ፊት በማይታይበት ስለሚነገር ቃል

ልጅ ጓደኛውን ፊት ለፊት ሲሰድበው እንባውን ያያል፤ እንባውም ይገሥጸዋል። በቴሌግራም ሲሰድበው ግን እንባው አይታየውም። ጆን ሱለር የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ፥ ሰው ፊቱ ሳይታይ በሚናገርበት ቦታ የአንደበቱ ልጓም እንደሚላላ አስረድቷል። በዚህ ላይ የተጻፈው ቃል እንደ ተነገረው ቃል በነፋስ አይሄድም፤ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል፤ ጸሐፊው ቢያጠፋውም አስቀድሞ ፎቶ ያነሣው አይታጣም። የተሰደበው ልጅ ስድቡን ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል፤ በሌሊትም ደጋግሞ ያነብበዋል። ብዙ ወላጅ ልጁ ትምህርት የጠላበትን ምክንያት ሳያውቅ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ መምህሩ በክፍሉ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ሥርዐት ያብጅ። ልጆች ስለ ጓደኛቸው ሥራ ሲጽፉ አስቀድመው የወደዱትን አንድ ነገር በዝርዝር ይናገሩ፤ ቀጥለውም ያልገባቸውን በጥያቄ ያቅርቡ። «ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ያላነበበም ይለዋልና። ከመላኩ በፊትም የጻፈውን ድምፁን አሰምቶ ለራሱ ያንብበው፤ ፊት ለፊት ሊለው የማይደፍረውን ቃል አይላከው። ለታናናሾቹ ከጽሑፍ ይልቅ የድምፅ መልእክት ይሻላል፤ ድምፅ ርኅራኄን ይሸከማልና።

በደል በተፈጸመ ጊዜ መምህሩ በቡድኑ ሁሉ ፊት አይገሥጽ፤ ይህ በአንዱ እፍረት ላይ ሌላ እፍረት መጨመር ነው። አስቀድሞ የተበደለውን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ያጽናናው፤ ቀጥሎ በዳዩን ይጥራው፤ ከዚያም ሁለቱን ፊት ለፊት ያገናኛቸው። በስክሪን የተሰበረው በስክሪን አይጠገንም።

6ኛ፤ መሣሪያ ስለሌለው ልጅ

ወላጆቹ ስልክ መግዛት ያልቻሉ ልጅ በየክፍሉ አለ። የቤት ሥራው በቴሌግራም ብቻ ከተላከ፥ ይህ ልጅ ጥፋት ሳይኖርበት ከማኅበሩ ይለያል፤ ለሌሎቹም ስለ ኅብረት የተሰጠው ትምህርት ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ መምህሩ ሥራውን ከማዘዙ በፊት ይህን ልጅ ያስታውስ፤ መሣሪያ ካለው ልጅ ጋር ያጣምረው፤ የሚያጣምረውም እንደ ተመጽዋች ሳይሆን ሥራው ያለ እርሱ የማይፈጸም ክፍል ሰጥቶ ይሁን። ታሪኩን ከአያቱ ጠይቆ የሚያመጣ፥ ሥዕሉን በእጁ የሚሥል፥ ቃሉን የሚያቃና ልጅ ኮምፒዩተር ከነካው ልጅ አያንስም።

ክቡራን አንባብያን፤ በሰንበት ትምህርት ቤትም ሆነ በሌላ ቦታ ሕፃናትን የምታስተምሩ ሁሉ፥ ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሥራውን ከማዘዝ አስቀድሞ «ይህ ሥራ ልጆቹን ያቀራርባል ወይስ ያራርቃል?» ብሎ ማሰብን ነው። ልጆቹም መምህራቸውን ያያሉ፤ እርሱ የዘገየውን ልጅ ሲታገሥ ካዩ ይታገሣሉ፥ ሲያፌዝበት ካዩም ያፌዛሉ። የትምህርቱ ፍሬ የሚታወቀው ኮምፒዩተሩ ከተዘጋ በኋላ በሜዳ ላይ ነው፤ በጨዋታ መካከል አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ሮጠው ካነሡት፥ በክፍል የተማሩት ትምህርት በልባቸው ገብቷል ማለት ነው።