ሀንጋሪዎች ፊት ቡና ስናቀርብ ቀልዱ የት ይግባ?

ዛሬ ስለ ዋጋ አይደለም የምጽፈው። በእኛ አካባቢ ያለ አንድ ዩኒየን ከቡዳፔስት ለሚመጡ፣ ቡና ቆልተው ለሚሸጡ ነጋዴዎች ገለጻ ሊያደርግ ነው። «አንተ ታውቃቸዋለህ፣ ምን ብለን እናስቃቸው?» ብለው ደወሉልኝ። ይህ ጥያቄ እኔን ገንዘብ ያስከፈለኝ ጥያቄ ስለሆነ ለሁላችሁም እዚሁ ልመልሰው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ፣ አንድ ላኪ ቢሮ ውስጥ፣ አራት ሀንጋሪዎች ፊት ቆምኩ። ናሙናው ከአርጆ የወረደ ያልታጠበ ቡና ነው፤ እኛ ነቀምቴ የምንለው፣ ውጭ ያሉት «ለከምፕቲ» የሚሉት። ዲፕሎማ ስንማር «ንግግርህን በቀልድ ክፈት» ተብለናል፤ እኔም ከፈትኩ፦ «ቡናችን ውስጥ ድንጋይ ብታገኙ አትደንግጡ፣ ለድንጋዩ ለብቻው አናስከፍልም!» ይቺን ነቀምቴ ሚዛን ላይ ብትናገሯት ሰው ይንከተከታል። እዚያ ግን ማንም ጥርሱን አላሳየኝም። አንደኛው ብቻ አንገቱን ደፍቶ ማስታወሻው ላይ የሆነ ነገር ጻፈ።

ምን እንደጻፈ የታወቀው ከቅምሻው በኋላ ነው። ቡናው አልፏል፣ ወደውታል። ዋጋ ላይ ስንደርስ ግን «ለተጨማሪ ለቀማ» ብለው በፓውንድ 5 ሳንቲም ቅናሽ ጠየቁ። ላኪው ናሙናው ንጹሕ መሆኑን ቢያሳይ፣ «ድንጋይ እንዳለ የነገሩን እኮ የእናንተው ሰው ናቸው» አሉት። ላኪው ያን ጊዜ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም።

ሒሳቡን እንሥራው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ይይዛል፤ 19,200 ኪሎ ማለት ነው፤ በፓውንድ 42,300 ገደማ። በ5 ሳንቲም ስታባዙት ከ2,100 ዶላር ያልፋል። ወደ ፈረሱላ ስታወርዱት በ17 ኪሎ 1 ዶላር ከ87 ሳንቲም ነው። እሱ ደግሞ ላኪው ጋ ቆሞ አይቀርም፤ ወደ አቅራቢው፣ ከዚያም ጀንፈል አስጥቶ ወደ ዋለው ገበሬ ይወርዳል። የእኔን አፍ የከፈለው ዲዴሳ ዳር ያለ ሰው ነው።

ሁሉም ሀንጋሪ አንድ ዓይነት ነው አልልም። እኔ ካገኘኋቸው ግን ቀልድ የማይወድ አላየሁም። የራሳቸውን መከራ፣ የራሳቸውን ውድቀት እያነሱ በደረቁ ይቀልዳሉ፤ ፊታቸው ሳይፈታ ስለሚናገሩት ቀልድ መሆኑ ዘግይቶ ነው የሚገባችሁ። ዕቃ ላይ ግን ገዢ ገዢ ነው። ስለ እርጥበት፣ ስለ ጉድለት ፍሬ የተናገራችሁትን ሁሉ እንደ ቃል ይይዘዋል። ስለዚህ ቡናው ላይ አትቀልዱ። ራሳችሁ ላይ ቀልዱ። እኔ አሁን «ደላላ ነኝ፤ ገበሬው ላኪውን ሲያማም፣ ላኪው ገበሬውን ሲያማም የምሰማ እኔ ነኝ» ብዬ እጀምራለሁ። ደላላ የሌለበት አገር የለም፣ ይስቃሉ።

ሰምና ወርቅም ይዛችሁ አትሂዱ። ከኦሮምኛ ወይም ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ በሰሚው ጭንቅላት ወደ ሀንጋሪኛ ሲሻገር ወርቁ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሰሙን ብቻ ይሰማሉ።

ወደብ የሚባለውንም ተጠንቀቁ። «ሁላችንም ባሕር የለንም» ማለት ጥሩ መክፈቻ ይመስላል። እነሱ ራሳቸው ባሕር የሌላትን አገር ከ1920 እስከ 1944 አድሚራል ገዛት እያሉ ይስቃሉ። ነገር ግን የባሕር በራቸውን ያጡት በ1920ው የትሪያኖን ውል ነው፤ ከግዛታቸው ሁለት ሦስተኛው ገደማ አብሮ ሄዷል፣ ቁስሉ ዛሬም አልደረቀም። ስለ ጅቡቲ፣ ስለ ራሳችሁ መኪና ወረፋ ተናገሩ፤ የእነሱን እነሱ ያንሱት።

አሁን ወደ ምርጧ። ሀንጋሪ በስኮላርሺፕ የተማረ የነቀምቴ ልጅ ነው የነገረኝ። በ1541 ሱልጣን ሱለይማን ቡዳን ሲይዝ፣ ቱርኮቹ ባሊንት ቶሮክ የሚባለውን መኳንንት ግብዣ ጠሩት፤ በልቶ ሊነሣ ሲል «ቆይ፣ ጥቁሩ ሾርባ ገና ነው» አሉት፤ ቡናው ማለታቸው ነው። ቡናው ሲመጣ ታሰረ፣ ከእስርም ሳይወጣ ሞተ። ታሪኩ እንደሚተረከው ነው። ከዚያ ወዲህ «ጥቁሩ ሾርባ ገና ነው» ማለት «ክፉው ከፊት አለ» ማለት ሆነ። እኛ በረካ ብለን የምንመረቅበት ሦስተኛው ስኒ እነሱ ዘንድ መታሰሪያ ነው በሉት!

ለሁለተኛ ጊዜ ሌሎች ሀንጋሪዎች ፊት ስቀርብ ቀልዱን መጀመሪያ ላይ አላደረግኩትም። በቀጥታ ወደ ቁጥሩ ገባሁ፦ እርጥበት፣ የቅምሻ ነጥብ፣ የአልጋ ላይ የማድረቂያ ቀን፣ የጭነት ወር። የማሳዎቹን የካርታ ነጥብም አዘጋጅቼ ነበር፤ ሀንጋሪ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፣ የደን ሕጉ ቡናው ከፈረንጆቹ ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ከተመነጠረ መሬት እንዳልመጣ ማስረጃ ይፈልጋል። ይህን ሳትይዙ ምንም ብታስቁ አይሠራም። የዋጋው ስላይድ የመጨረሻው ነበር። እሱን ከመክፈቴ በፊት «አሁን ጥቁሩ ሾርባ መጣ» አልኩ።

ለአፍታ ጸጥ አሉ። ከዚያ በዕድሜ ትልቁ ሰውዬ ሳቁ፣ ሌሎቹ ተከተሉ። ሰውዬው ቁጥሩን አይተው፣ ፊታቸው ሳይፈታ፣ «ሾርባው ያቃጥላል፤ እስኪበርድ እንጠብቅ?» አሉኝ። «እኛ ዘንድ የበረደ ቡና ለእንግዳ አይቀርብም» አልኳቸው። ያኔም ቅናሽ ጠየቁ፣ መጠየቃቸው አልቀረም። የጠየቁት ግን 2 ሳንቲም ነበር፣ በ1 ተስማማን።

የዩኒየኑ ሰዎች፣ የናሙናችሁን የእርጥበት ውጤት እስከ ዓርብ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ ስላይዱን አብረን እናየዋለን። የዛሬ የበቆሎና የኑግ ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል።